ወደ ፍልሰታ ያልተመለሰው ማሽን

በአንድ የገጠር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አንድ የሰርቨር ጠባቂ ነበረ፤ ሰርቨር ማለት የሆስፒታሉን መዝገብ ሁሉ የሚይዝ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ልጄ፣ «የላቦራቶሪ ፈተናውን ወድቄአለሁ፤ የተማርኩትን ሁለት ዓመት እንዳልነበረ ቆጥሬ ወደ አክስቴ ሱቅ ልመለስ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ ይህ ሰው ነው። የሙያውን ነገር በገባኝ መጠን ነው የምነግርሽ፤ ታግሠሽ ስሚኝ።

ሰውየው የሚጠብቀው ማሽን አንድ ነው፤ በውስጡ ግን ብዙ ማሽኖች ያድሩበታል። የካርድ ክፍሉ አለ፣ የመድኃኒት ቤቱ አለ፣ የላቦራቶሪው አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቤት ያለው ይመስለዋል እንጂ ሁሉም ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት በአንድ ጎተራ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሰውየው አንዲት የራሱ ማሽን ነበረችው። የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ሊቀመጥ ተመዝግቦ፣ ዳይሬክተሩን አስፈቅዶ፣ መለማመጃ ትሁነኝ ብሎ እዚያው ውስጥ የሠራት ናት። የምትሠራው በሙከራ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ እስከ ፈተናው ቀን ያደርሰዋል፤ ከማሽኗ ጋር አንዴ ከጠፋ ግን ፕሮግራሙን የሚሸጠው ኩባንያ ለዚያው ሰው ሁለተኛ አይሰጥም። ከሥራ በኋላ እየቆየ ክረምቱን ሙሉ ደክሞባታል። ሚስቱ እንኳ «ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እሷን?» ትለው ነበር።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። የትኛውንም ማሽን ከመንካቱ በፊት ያማትብና ስናፕሾት ያነሳል። ስናፕሾት ማለት ማሽኑ በዚያች ሰዓት የነበረበትን መልክ ይዞ ማቆየት ነው። የነኩት ነገር ቢበላሽ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደዚያች ሰዓት መመለስ ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ግን ከነባሩ ጋር አይቀላቀልም፤ ለብቻው በጎን ይከመራል። ስለዚህ ሥራው ሲሰምር ስናፕሾቱ መዘጋት አለበት። ያን ጊዜ በጎን ያለው ከነባሩ ጋር ይዋሃዳል፤ መመለሻም አይኖርም።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል የላቦራቶሪውን ፕሮግራም አደሰ። ስናፕሾት አነሳ፤ ሥራውም ሰመረለት። ሊዘጋው ካለ በኋላ «መመለሻ ቢኖር ማንን ይጎዳል?» ብሎ ተወው። ጾሙ ገባ፣ ተፈታ፣ ዓመቱም ተለወጠ። ሰውየው ረሳው። በጎን ያለው ክምር ግን የየቀኑን የሕሙማን ውጤት እየዋጠ ያድግ ነበር።

የመስቀል በዓል ባለፈ ማግስት ጠዋት የላቦራቶሪው ማሽን ቀጥ አለ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ወይዘሮ ትርንጎ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጡ። «አንተ ሰው፣ ማሽኑን ከደመራው ጋር አብራችሁ አቃጠላችሁት እንዴ?» አሉት። ሳቅ አላሉም። ከኋላቸው አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። ሕፃኑ ከፍልሰታ ጀምሮ ደሙ በየሳምንቱ ሲመረመር ቆይቷል። ሐኪሙ የዛሬ መድኃኒቱን የሚወስነው የእስከዛሬውን ውጤት በተራ አይቶ ነው።

ሰውየው ከሥራ ባልደረባው ከዳምጠው ጋር ማሽን ክፍል ገባ። ገመዱን አየ፤ ደህና ነው። ዳምጠው «የሆስፒታሉ የፕሮግራም ፈቃድ አልቆ እንዳይሆን» አለ፤ ፈቃዱንም አዩ፤ ገና ነው። በመጨረሻ ጎተራውን አዩ። ጢም ብሎ ሞልቷል። የሞላው ደግሞ በዚያ በፍልሰታው ክምር ነው።

ሰውየው ግንባሩን ያዘ። «የእኔው እጅ ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?» አለ ዳምጠው። «መመለሻው እጅህ ላይ አይደል? ወደ ፍልሰታ መልሰውና ማሽኑ አሁኑኑ ይነሳል።»

«ከፍልሰታ ወዲህ ያለውስ?»

«ይጠፋል። ወረቀት የደረሰው ደርሶታል። ‹ዲስኩ ተበላሸ› ብለን እናመለክታለን፤ ማን ገብቶ ያያል ብለህ ነው?»

ሰውየው ዓይኑን ወደ ጎተራው መለሰ። ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃል፤ ስናፕሾቱን መዝጋት። ያ ግን ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ነው፤ ከተጀመረም መመለሻ የለውም። ደግሞ ለመዋሃጃ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ደግሞ የለም። ገልብጠው የሚያቆዩበት ሌላ ትልቅ ዲስክም አልነበራቸውም። በጎተራው ውስጥ ያለው ሁሉ የሕሙማን ነው፤ ከአንዲት ማሽን በስተቀር።

ዳምጠው ገባው። «ተው እንጂ!» አለው። «ፈተናህ እኮ ደርሷል። እሷን ካጠፋህ በምን ልትለማመድ ነው? ፈቃዱን ማን ይሰጥሃል?»

«የራሴን ነው የማጠፋው» አለ ሰውየው። «የዚያን ልጅ ደም ግን ማን ፈቀደልኝ?»

አማተበና የክረምቱን ድካሙን አጠፋ። ጎተራው ትንሽ ተነፈሰ። ወዲያው ስናፕሾቱን እንዲዘጋ አዘዘ። ማሽኑ «ላጥፋው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ ያስደነግጣል። የሚጠፋው ግን መመለሻው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ይህን ስለሚያውቅ እሺ አለ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ በሰው ሁሉ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ማምሻው ድረስ አይሠራም፤ ውጤታችሁ ግን አልጠፋም» አለ። ወይዘሮ ትርንጎ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ማልደህ ብትነግረን ኖሮ እስክሪብቶ እንገዛ ነበር» ብለውት የዛሬውን በእጅ ሊጽፉ ገቡ። ሕፃኑን ያዘለችው እናት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እጠብቃለሁ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሥራው መጓዙን የሚያሳይ አንድ መስመር አለ፤ እየሞላ ይሄዳል። እስከ ቀትር ግማሹ ሞላ። ከቀትር በኋላ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መስመሩ ቆመ። አይነቃነቅም።

ዳምጠው ከወንበሩ ተነሳ። «በቃ፣ ሞተ! ሰርዘውና እንደገና እንጀምር።»

ይህ ነው እንግዲህ የሙያው ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ። እዚያ ላይ ያቋረጠ ሰው ነባሩንም አዲሱንም ሊያጣ ይችላል። ሰውየው ከመስመሩ ላይ ዓይኑን አነሳና ወደ ብረቱ ሳጥን ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዲስኮቹ ፊት ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች።

«መስመሩ ነው እንጂ የቆመው ሥራው አልቆመም» አለ።

«እስከ መቼ ልትጠብቅ ነው?»

«እስኪያልቅ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ቁልፉን እንዳይነካ እጆቹን ከጭኖቹ በታች አደረጋቸው። ዳምጠው ተቆጣ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፤ ሰውየው እንዳለ ነው። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት ይደግም እንደነበር እኔ እገምታለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስመሩ ሞላ። ማሽኑ ተነሳ። ወይዘሮ ትርንጎ የሕፃኑን ስም ሲጽፉ ከፍልሰታ እስከ መስቀል ዋዜማ ያለው ውጤቱ አንድም ሳይጎድል በተራ ወጣ። ሐኪሙ አየው፤ መድኃኒቱንም ለወጠለት። እናቲቱም ልጇን አዝላ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ሰውየውን የዚያ ቀጠሮ ፈተና አመለጠው። የከተማው ኮሌጅ ካስቀመጣቸው አሮጌ ማሽኖች አንዱን ከነፈቃዱ ለምኖ ከሥር ጀመረ፤ ለሚቀጥለው ተመዘገበና አለፈ። ከዚያ ወዲህም ሥራው በሰመረ ዕለት ስናፕሾቱን ሳይዘጋ ቤቱ አይገባም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። ቀጥ ያለው ማሽን አንቺ ነሽ። የአክስትሽ ሱቅ መመለሻው ቁልፍ ነው፤ ብትጫኚው ነገውኑ ትነሺያለሽ፣ እኔም አልከለክልሽም። ግን ሱቁ የሚያውቀው የዛሬ ሁለት ዓመቷን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓይንሽና በእጅሽ የገባው ሁሉ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ደሙን ሊያስመረምር የሚመጣው ሰው ሁሉ ድርሻ አለው። እንቀጥል ካልን ቦታ ማስለቀቅ አለብሽ። ቦታሽን የሞላው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ጓደኞቼ አልፈው እኔ ወደቅሁ» የሚለው ነው። ያ የራስሽ ነው፤ አጥፊው።

መስመሩ ቆሟል ትይኝ ይሆናል። ትናንት ግን ጎረቤታችን የልጇን የምርመራ ወረቀት ይዛ ስትመጣ፣ ያለ መጽሐፍ እያንዳንዱን ቁጥር ስትገልጭላት ከጓዳ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ልጄ። ፈተናው በጥር ይደገማል ብለሽኛል፤ ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አብረን ሄደን ትመዘገቢያለሽ።