የይማም እጅ

አሁን ድልድይ የምታዩበት ቦታ ድልድይ ሳይኖረው፣ ደርቃ ወንዝም ከተራራው እንዳሻው ወርዶ ያገኘውን ይዞ በሚሄድበት ዘመን፣ በዚህ ሜዳ ላይ ይማም የሚባል ሰው ነበር። እናንተ ስሙን እንጂ ሰውየውን አታውቁትም። አጭር ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሲናገር ጠጋ ካላሉ በቀር አይሰማም። ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የአገሩን ማረሻ የሚሠራው እሱ፣ የዶለዶመውን የሚያሾለው እሱ። ሚስቱ ትርንጎ ወናፍ ትነፋለች፤ እሱ ይመታል። እንዲህ ይኖሩ ነበር።

ከዚያ ትራክተር መጣ። የገበሬው ማኅበር ያስመጣው ነው፤ ጥጋቡ የሚባል ሾፌርም አብሮት መጣ። ሰዉ ወጥቶ አየ። ይማምም ወጥቶ አየ። ትራክተሩ ሜዳውን እየገለበጠ ሲሄድ ጊዜ ሰዉ ማረሻውን ጣራው ሥር ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ የይማምን ደጅ የሚረግጥ ጠፋ።

"ይህ ነገር እንጀራችንን ወሰደው" አለች ትርንጎ።

ይማም ፍሙን በአመድ አዳፈነ።

ቆይቶ ደግሞ ተሳቢ መጣ። ተሳቢው ግን ለሌላ መኪና የተሠራ ነበር። የተሳቢው ምላስ ዝቅ ይላል፤ የትራክተሩ ጅራት ከፍ ይላል። አንዱ ከአንዱ አልገጥም አለ። በገመድ አሰሩት፤ ገመዱ ተበጠሰ። በሰንሰለት አሰሩት፤ ቁልቁለት ላይ ተንደርድሮ ትራክተሩን ከኋላ ገጨው። ሲሰለቻቸው ግራር ሥር ትተውት ሄዱ። ዶሮ ዕንቁላል ትጥልበት ጀመር።

በዚያው ዓመት ማሽላው ከወንዙ ማዶ ታጭዶ፣ ገና ሳይሰበሰብ፣ ያለ ወቅቱ ደመና ተራራው ላይ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ማሽላውን የሚያጓጉዙት ባለ ግመሎች ግመላቸውን ይዘው ወደ ቆላ ወርደዋል። ወንዙ ከሞላ ማሽላው ማዶ ይበሰብሳል፤ የዓመት ቀለብ ነው። ሰዉ ወደ ተራራው እያየ ይውላል፤ አይጫወት፣ አይስቅ።

ይማም ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ ሙሄ ሄደ።

"ተሳቢውን ከትራክተሩ ላገናኘው" አላቸው።

"አንተ? ሥራህን የወሰደብህን ትራክተር?"

"ማሽላ እኔም እበላለሁ" አለ።

ፈቀዱለት። መጎተቻ ሊሠራበት የተሰቀለውን ማረሻ ለምኖ ሰበሰበ። አጋለ፣ ቀጠቀጠ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ። ደመናው እየወፈረ ነው፤ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብረቱን እንደ ፍም እንደቀላ ውሃ ውስጥ ነከረው። አወጣው፤ ገጠመው። ገጠመ። ሰዉ እልል አለ።

ተሳቢው ማሽላ ተጭኖ የወንዙን ዳገት ሲጀምር መጎተቻው ቋ ብሎ ተሰበረ። ተሳቢው ወደኋላ ተመለሰ። ከታች ሴቶች ነዶ ይሸከማሉ። ሁሉም ሸሹ፤ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ግን ከየትኛው ወገን እንደሚመጣባት አላወቀችም። ትርንጎ ሮጣ ገፍታ ጣለቻት። አሮጊቷ ተረፈች። ጎማው የትርንጎን እግር ረግጦ አለፈ።

"በሰው ነፍስ ትጫወታለህ" አሉት አቶ ሙሄ።

"ሁለተኛ ትራክተሩን እንዳይነካ" አለ ጥጋቡ።

ይማም ሚስቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ። መደብ ላይ አስተኛት። መዶሻውን አንስቶ ሊወጣ ሲል ወዴት እንደሆነ ገባት፤ ወንዝ ሊጥለው ነው።

"ብረቱ ለምን ተሰበረ?" አለችው።

"ቸኩዬ ውሃ ነከርኩት። እንደ ሸክላ ሆነ።"

"እንግዲያው አትቸኩል።"

መዶሻውን መልሶ አስቀመጠ።

ከገደሉ ሥር ድሮ የተገለበጠ የጭነት መኪና ነበር። ይማም ወርዶ ባሌስትራውን ፈታ፤ ያ ከጎማው በላይ ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመው ብረት ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን መረጠ። እንደ ሁለት መዳፍ ፊት ለፊት አደረጋቸው፤ የተሳቢው ምላስ በመካከላቸው እንዲገባ፤ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ቡሎን እንዲያልፍ፤ ቡሎኑም ከታች በሽቦ እንዲታሰር። ጨርሶም ውሃ አልነከረውም። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ።

ሰዎች መጡ። "ዝናቡ ደርሷል፤ አንተ አመድ ትጠብቃለህ?" አሉት። አልተነሣም። ነጎድጓድ ተሰማ። ሌሎች መጥተው ጮኹበት። አልተነሣም። ብረቱ እጅ እስኪያስነካ ድረስ እዚያው አመዱ አጠገብ ተቀመጠ።

ይዞት ሲመጣ ግን ጥጋቡ አልነዳም አለ። ማንም አልቀርብም አለ።

"አንተ ንዳ" አለው ይማም። "እኔ ምላሱ ላይ እቆማለሁ። ከተሰበረ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።"

ጥጋቡ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ መሪውን ያዘ።

ሄዱ፤ ጫኑ፤ መጡ። ሄዱ፤ ጫኑ፤ መጡ። ይማም በትራክተሩና በተሳቢው መካከል ቆሞ ዓይኑን ከብረቱ ላይ አያነሣም። ውሃ ሲያቀብሉት ሳያይ ይጠጣል። የመጨረሻው ጭነት ዳገቱን ሲወጣ ጠብታ ጀመረ። ወንዙ የመጣው ማሽላው ቤት ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት በዚህ ሜዳ የተራበ የለም። አቶ ሙሄ እየተጋፉ መጥተው ይማምን ትከሻውን ሳሙት።

ከዚያ ወዲህ ተሳቢው ሲሄድ ይማም ምላሱ ላይ ይቆማል። ልማዱ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ኩፍኝ ገባ። ክትባቱ ከወንዙ ማዶ ነው የሚሰጠው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሳቢው ላይ ተሳፈሩ፤ እናቴም እኔን አዝላ። ሄደው አስከተቡ። ሲመለሱ ሜዳው ላይ ፀሐይ ነው፤ ተራራው ግን ጠቁሯል። ወንዙ ደረቅ ነበር። መካከሉ ሲደርሱ ይማም ከላይ ድንጋይ ሲንከባለል የሚመስል ድምፅ ሰማ።

"ጥጋቡ፣ ንዳ" አለ።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ ጎማውን አረጠበ፤ ወዲያው ጎማውን ሸፈነ። አንድ ግንድ ተንሳፍፎ መጥቶ መጎተቻውን ሥሩን መታው። ቡሎኑን የያዘው ሽቦ ተበጠሰ። ትራክተሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ቡሎኑ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከወጣ ተሳቢው እነዚያን ሁሉ ይዞ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጥጋቡ ወደኋላ ማየት አይችልም፤ ዓይኑን ከፊቱ ካነሣ መንገዱን ይስታል።

"ይዟል?" ብሎ ጠየቀ።

"ይዟል" አለ ይማም።

መዳፉን ቡሎኑ ላይ ጭኖ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው።

ዳገቱ ጀመረ። የተሳቢው ምላስ ይነሣል፣ ይወድቃል። ብረት ከብረት ይጋጫል፤ በመካከል የይማም እጅ አለ።

"ይዟል?"

"ይዟል።"

እናቴ ከፊት ነበረች። ደሙን አየች። ብትጮህ ሴቶቹ ይደነግጣሉ፤ ቢደነግጡ ተሳቢው ያጋድላል። ነጠላዋን ነከሰች። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ ተሳቢው ወደ ውሃው ዞረ።

"ይዟል?"

ድምፁ ዘገየ። ከዚያ በቀስታ፣ "ይዟል፤ ንዳ" አለ።

ወጡ። ሁሉም ወጡ። ጥጋቡ ወርዶ ወደኋላ ሲዞር ይማም እንደቆመ ነበር፤ እጁ ከብረቱ አልለቅ ብሎ። ተሳቢውን ገፍተው ነው ያስለቀቁት። ከቀኝ እጁ ጣት አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ መዶሻውን ትርንጎ ያዘች፤ ይማም በግራ እጁ ወናፍ ነፋ። ሰው ቅር አላለውም፤ ማጭዱንም መጥረቢያውንም ወደ ትርንጎ አመጣ። እንዲህ አርጅተው ኖሩ።

ይማም ሲሞት መቃብሩ ከወንዙ ማዶ ነበርና፣ ቃሬዛውን ተሳቢው ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን የነዳው ጥጋቡ ነው፤ ጠጉሩ ሸብቶ ነበር። ሞተሩን አስነሣ። አልተንቀሳቀሰም። ፊቱን ሳያዞር፣

"ይዟል?" አለ።

የሚመልስ ጠፋ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጥጋቡ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

"ይዟል?"

ትርንጎ እያነከሰች ሰዉን ሰንጥቃ ወጣች። ጎንበስ አለች። መዳፏን ቡሎኑ ላይ አደረገች።

"ይዟል" አለች። "ንዳ።"

ጥጋቡ ነዳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ሜዳ ያ መጎተቻ ብረት ስሙ የይማም እጅ ነው፤ ከፋብሪካ አዲስ ተገዝቶ ቢመጣም ስሙ ያው ነው። ሾፌሩ ይጠይቃል፤ ከሚሳፈሩት አንዱ ብረቱን በእጁ ነክቶ ይመልሳል፤ ከዚያ ይሄዳሉ። አንዳንዴ ከሌላ አገር የመጣ ሾፌር ይህን ሳያውቅ ሞተር ያስነሣል። ያኔ ተሳቢው ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ አንድም ቃል ሳይናገር ይወርዳል።