ክላክስ ያልተነፋበት ኩርባ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ለፊልም ዝናብ እየመታው በሚሰለፍበት ጊዜ፣ «የዋሴ መንገድ» የሚባል ተከታታይ ፊልም ነበር። ዋሴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሹፌር ሁሉ ክላክስ የሚነፋበት አንድ ኩርባ ጋ ሲደርስ እሱ ብቻ ዝም ብሎ ያልፋል። ለምን እንደሆነ በሦስቱም ፊልሞች አልተነገረም። ሰው ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይከራከርበት ነበር።

ከዚያ የዋሴን ልጅነት የሚያሳዩ ሁለት ፊልሞች ተከታትለው ወጡ። ክላክስ የማይነፋበት ምክንያትም ተነገረ፤ ክላክስ ያስደነበረው በሬ አባቱን ወግቶት ነው። ሰው «ለዚህ ነው እንዴ?» እያለ ከአዳራሽ ወጣ። ሁለተኛው ፊልም አንድ ሳምንት እንኳ ሳይታይ ወረደ።

የሴራሚክ ነጋዴው አቶ ሙዘሚል የተከታታይ ፊልሙን መብት ከዋሴ መኪና ጋር ገዙ። አንድ ፊልም ሠርተው ሊሞክሩ፣ ካልሆነ መኪናውን ሴራሚክ ሊያመላልሱበት።

ወይዘሮ እታፈራሁ በሲኒማ ቤት ባትሪ ይዘው ቦታ የሚያሳዩ ሴት ናቸው። አቶ ሙዘሚል የዋሴን አያት ታሪክ ሊያሠሩ ነው ሲባል ሰምተው ቢሯቸው ድረስ ሄዱ።

«ሰው የወጣው ፊልሙ ስለረዘመ ነው ብለውኛል» አሉ አቶ ሙዘሚል።

«በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ፤ የሚወጣው በሬው ሲመጣ ነው። አያቱን ካመጡ ደግሞ እኔም አብሬ እወጣለሁ።»

የአያቱ ፊልም በዚያው ቀረ። ግን እታፈራሁ ሰው በበሬው ሲወጣ ያዩት ከመጀመሪያው የልጅነት ፊልም ጀምሮ ነው። ማንም አልጠየቀኝም ብለው ሁለተኛው እስኪሠራ ዝም አሉ።

ደራሲዋ ትርሲት ናት። ዋሴን የፈጠረችው እሷ፣ በሬውን ያመጣችውም እሷ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆማ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በአዲሱ ፊልም መጀመሪያ ላይ የዋሴን ረዳት ሻይ ቤት አስቀምጣ የአለቃውን የልጅነት ታሪክ በሙሉ አስወራችው። ዋሴ ከኋላው ቆሞ ሲሰማ ይቆይና «የምን በሬ?» ይላል። ሁለቱ የልጅነት ፊልሞች የረዳቱ ጉራ ሆነው ቀሩ።

ዋሴን የሚጫወተው ደርበው የልጅነቱን ፊልሞች ጽሑፍ ገና ሲያነብ እንደማይሆኑ ገብቶት ነበር፤ «ጊዜ የለኝም» ብሎ ብቻ ገሸሽ አለ። በአዲሱ ግን መጣ። ትርሲት ሰው እንደገና እንዳይከፋው ሰግታ በመጨረሻ ዋሴ ክላክሱን ይነፋል ብላ ጽፋለች። ደርበው ኩርባው ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ክላክሱ ዘረጋ፣ ትንሽ አቆየው፣ መልሶ መሪው ላይ አደረገው።

«ንፋው እንጂ፣ ጋሼ!» አለ አዘጋጁ በሬዲዮ።

«መኪናው አለፈ እኮ። ኩርባ ላይ ወደ ኋላ አይኬድም።»

በምርቃቱ እሑድ ሰው ደረጃ ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። «የምን በሬ?» ሲባል ሳቁ ቀጣዩን ንግግር አላሰማ አለ። ኩርባው ጋ ግን የሚያስል እንኳ ጠፋ። እጁ ወደ መሪው ሲመለስ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። የዚያን ቀን እታፈራሁን በር ክፈቱልኝ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሰልፉ አደባባዩን ዞረ።

አቶ ሙዘሚል እታፈራሁን፣ ትርሲትንና ደርበውን ጠርተው የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከእንግዲህ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ይህን የያዘ ሰው ነው። አይሆንም ካለ እኔም አላሠራም።»

«ነፍቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ቤታችን ነበርን» አለ ደርበው።

«በሬውን ባላስወጣው ማን ኩርባው ድረስ ይቀመጥልህ ነበር?» አለች ትርሲት።

«እኔ ባልሄድ መኪናውን የሚነዳው አያትየው ነበር» አሉ እታፈራሁ።

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ትርሲት ያበላሸችውን በአደባባይ አምና አስተካክላለች፤ ሁለቱ አላበላሹም፣ ግን ሲበላሽ እያዩ ዝም ብለዋል። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እናንተ ብትሆኑ ለየትኛቸው ታነሱለታላችሁ?