ሐጂ ሸምሰዲን ኹጥባ ያቋረጡበት ጁምዓ

ስሟን ባልጠራው ቅር በማይላት አንዲት ጥንታዊ የደጋ ከተማ፣ ከትልቁ መስጊድ ጀርባ፣ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ በያጅ ነበሩ። የተነቀለ በር፣ የተሰበረ ማረሻ፣ የተቀደደ በርሜል ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጁምዓ ቦታቸው አንደኛው ሰፍ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከኢማሙ ኋላ በቀኝ በኩል ነው። ሳያውቅ እዚያ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሐጂ ሲመጡ ካየ ራሱ ተነስቶ ይለቅላቸዋል። እውነቱን ልናገርና በዚያ ቦታቸው እቀናባቸው ነበር።

አወል የሚባል መምህር ደግሞ አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ነበረችው። ማርሚታ የምንለውን የጭስ ማውጫዋን ዝገት ስለበላው ስትሄድ ከተማው ሁሉ ይሰማታል። በመስጊዱ በር ባለፈች ቁጥር ሰዎች «ሁለተኛው ሙአዚን መጣ» እያሉ አወልን ይተርቡታል። እሱ ዓይን አፋር ሰው ነውና አንገቱን ይደፋል። አዲስ ማርሚታ ከዋናው ከተማ ካልመጣ አይገኝም፤ ቢመጣም የመምህር ደመወዝ የሚደፍረው አልነበረም።

አንድ ጁምዓ ረፋዱ ላይ መኪናዋን ወደ ሐጂ ወሰዳት።

«ሐጂ፣ ዛሬ ሰዓዳንና ሕፃኑን ከተራራው ማዶ ወላጆቿ ጋ ላደርሳቸው ነው። በዚህ ጩኸት አማቶቼ ፊት መቅረብ አፈርኩ። አዲስ መግዛት አልችልም፤ ድምፁን ብቻ ያጥፉልኝ» አላቸው።

«አብሽር» አሉት።

ግቢያቸው ውስጥ ከወደቀ የጭነት መኪና ማርሚታ በልኳ ቆርጠው በየዱላት። ያስከፈሉትም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ አወል ሞተሩን አስነሳና ጩኸቱ ሲጠፋ በደስታ እጃቸውን ሳመ።

ሐጂ ግን ከመኪናዋ ሥር ሳሉ አንድ ነገር አይተው ነበር። ከሞተሩ በሚመጣው ቱቦ ላይ፣ ልክ ከኋላው ወንበር ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። እዚያው ላይ የመኪናዋም ወለል በዝገት ሳስቶ ተበሳስቷል። ያኔ የመጀመሪያው አዛን ተሰማ። ሐጂ ገና ገላቸውን አልታጠቡም። ስንጥቁ ድምፅ አያወጣም፤ የታዘዙት ደግሞ ድምፁን እንዲያጠፉ ነው። «ሲመለስ አየዋለሁ» ብለው ከሥር ወጡና አወልን ሸኙ። ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው የተለመደው ቦታቸው ላይ ደረሱ።

ያን ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ኢማሙ ሚንበር ላይ ወጥተው ኹጥባውን፣ የጁምዓውን ስብከት፣ እንደጀመሩ አንዱ የመስጊዱ አገልጋይ ሄዶ መስኮቶቹን ዘጋ። በዚህ ጊዜ ሐጂ ሸምሰዲን ተነስተው ቆሙ።

«ተማም፣ የት ነህ? ተነስ፣ መኪናህን አስነሳ። ሰው ገድዬ ነው እዚህ የተቀመጥኩት» አሉ።

ኹጥባ ላይ መናገር እንደማይፈቀድ ሕፃን ያውቃል። የሚናገረውን ሰው «ዝም በል» ማለት እንኳ ለግው፣ ከንቱ ንግግር ነው፤ የጁምዓን አጅር፣ ምንዳውን፣ ያሳጣል። ስለዚህ መስጊድ ሙሉ ሕዝብ አፉን ዘግቶ ዓይኑን አፈጠጠ። ሐጂ የሰው ትከሻ እየተሻገሩ ወጡ፤ የእኔንም ጣት ረግጠውት አለፉ። በልቤ «አስተግፊሩላህ፣ ጃጅተዋል» አልኩ። ኢማሙ ብቻ ከሚንበሩ ላይ «መንገድ ልቀቁላቸው» አሉ። ባለ ጭነት መኪናው ተማም ጫማውን በእጁ ይዞ ተከተላቸው። እኛ ሁለት ረከዓችንን ሰገድን፤ እኔ ግን ከቁርኣኑ ምን እንደተቀራ እንኳ አላውቅም።

የሆነውን በኋላ የነገረን ተማም ነው። ተራራው አናት ላይ ትንሿ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆማ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ መስኮቶቿ ሁሉ ተዘግተው አገኟት። አወል ራሱ ከብዶት ትንሽ ሊያርፍ አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር። ሰዓዳ ከኋላ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ አቅፋ፣ ብትጠራም አትሰማም። ሐጂ በሮቹን በርግደው አንድ በአንድ ወደ ነፋሱ አወጧቸው። ባልና ሚስቱ ካስመለሳቸው በኋላ ነፍሳቸውን አወቁ። ሕፃኑ ግን ይተነፍሳል እንጂ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ነበር።

አወል የመኪናዋ ጭስ ውስጥ ገብቶ እንደመረዛቸው ሲገባው የሐጂን ጉልበት ያዘ።

«አላህ ነው የላከልን፤ ነፍሳችንን አተረፉልን» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ይባሉ ነበር።

«አታመስግነኝ» አሉት። «ስንጥቁን አይቼው ነው የሸኘሁህ። አንደኛው ሰፍ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነው። የመስጊዱ መስኮት ሲዘጋ ነው እናንተም በዚህ ብርድ ዘግታችሁ ጭሱ እንደሚፈጃችሁ የታየኝ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

አወል እጁን ከጉልበታቸው ላይ አነሳ። የመለሰችው ሰዓዳ ናት።

«ልጄ ይንቃና ያን ጊዜ ይጠይቁን» አለች።

ሐጂ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ተማም እንደሚለው ከንፈራቸው ዱዓ እያደረገ፣ ዓይናቸው ሕፃኑን እያየ ቆዩ። በመጨረሻ ሕፃኑ አለቀሰ። ሰዓዳ ጡቷን አጉርሳው፣ ራሷም እያለቀሰች፣ «አፉ ብለናል» አለች። አወልም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ተመለሱ። ሐጂ ጥግ ይዘው ባመለጣቸው ጁምዓ ፋንታ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ አራት ረከዓ ሲሰግዱ አየናቸው። ሲጨርሱ ኢማሙ አጠገባቸው ተቀመጡና፣ ሊያጽናኗቸው ብለው፣ «ሐጂ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጁምዓ አመለጠዎት፤ ግን ለነፍስ ነውና ምንም አይደል» አሏቸው።

ሐጂም፣ «ጁምዓ ያመለጠኝ ከዚህ ስወጣ አይደለም፤ ከመኪናዋ ሥር ስወጣ ነው» አሉ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ንግግር ስሰማ ከኹጥባው ይበልጥ ደነገጥኩ። ሐጂ ወደ መስጊድ ሲሮጡ ብናያቸው ሁላችንም «ማሻ አላህ» እንል ነበር። ወንጀሉ ግን ያ ሩጫ ውስጥ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ባይናገሩ ማንም አያውቅባቸውም። የአላህን ሐቅ አደርሳለሁ ብሎ የባሪያውን ሐቅ ጥሎ የሚመጣ ሰው፣ አንደኛው ሰፍ ላይ ቢቀመጥም ገና መንገድ ላይ ነው። እኔ ያን ቀን ከመስጊድ አልወጣሁም፣ ጣቴን የረገጡኝን ሽማግሌ ግን በልቤ እያማሁ ሰገድኩ። ሄጄ አፉ በሉኝ ለማለት ሦስት ጁምዓ ፈጅቶብኛል።