የግልገሎቹ አጥር

አንድ ፍየል አርቢ ነበረ፤ ቁጡና ተጠራጣሪ ሰው። ግልገሎቹ ወተቱን ጠብተው እንዳይጨርሱበት ደጁ ላይ ባለች ጉረኖ ዘግቶባቸው እናቶቻቸውን ሊያግድ ይሄዳል። አንድ ክረምት ለጎመን መትከያ ቦታ ፈለገና ጉረኖዋን አጠበባት። ግልገሎቹ ግን ያው ናቸው፤ አልቀነሱም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ሲመለስ አጥሩን ወደ ውጭ ተንጋዶ ያገኘዋል። ያቆመዋል፤ በማግስቱም ያው። ሰውየው ዕረፍት አጣ። የሚጎትተው ቢኖር ነው እንጂ አጥር በገዛ እጁ አይጋደምም አለ። ማን ይሆናል? ከጎረቤቱ ሌላ ማን አለና! ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ ነው፤ ቢሆንም ሰላምታ ነፈገው።

ሚስቱ «ኧረ ግልገሎቹ ናቸው» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ! ጉልበቴ ጋ የማይደርስ ግልገል አጥር ይጥላል?» ብሎ አፏን ዘጋት። አበልጁን እጅ ከፍንጅ ይዞ ሽማግሌ ፊት ሊያቆመው ቆረጠ። አብረው ያረጁ ሰዎች ሊቆራረጡ ነው።

አንድ ቀን ሚስቱን ፍየሎቹን አስይዞ ላካትና እሱ ከውጭ ጀርባውን አጥሩ ላይ አስደግፎ አደፈጠ። ማንም ዝር አላለም። አንዱ ግልገል ሲዘል ጀርባውን ይነካዋል፤ ቆይቶ ሌላው። ከቁብም አልቆጠረው። ወደ ማታ እናቶቹ እየጮኹ ከዳገቱ ሲወርዱ ግን ጉረኖዋ ታመሰች። ግልገሎቹ መሮጫ አጥተው በየአቅጣጫው ይላተማሉ፤ አንዱ ነጥሮ ሲመለስ ሌላው ይደርሳል። ምቱን ከምት መለየት አቃተው። ሳያቋርጥ የሚገፋ አንድ ትልቅ እጅ መሰለውና ከነአጥሩ በአፍጢሙ ተደፋ።

ቀና ሲል በዙሪያው ሰው የለም። አፈረ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ አበልጁ ቤት ሄዶ «በሆዴ ክፉ አስቤብህ ነበር» አለው። አበልጁም «በል፣ ጉረኖዋን እናስፋት» ብሎ ተነሣ።

አንተስ ሚልክያስ? «አየር ምን ጉልበት አለውና ጎማዬን ያፈነዳል? ጓደኛዬ ወግቶት ነው እንጂ» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጎማህ ጉረኖዋ ነው። አየሩ ዓይን የማያያቸው ሞለኪውሎች ናቸው፤ አርፎ መቀመጥ አያውቁም። የአንዷ ምት ኢምንት ናት፤ ስፍር ቁጥር የላቸውምና ምታቸው ሲደመር ግፊት ይሆናል። አንተ በፓምፕ አጨቅሃቸው፤ ይባስ ብለህ ፀሐይ ላይ አቁመህ ሩጫቸውን አበረታህ። ጎማ ስንት ይችላል? ከውጭ የነካው የለም። ጓደኛህ ቤቱ ነው፤ ሂድ።