ሳቅ የተከለከለበት ቅጥር

የጎሽ ሜዳ ሰው ስለ አያ ስንሻው ሲያወራ አይስማማም። አንዱ ረጅም ነበር ይላል፣ ሌላው አጭር። ቀይ ነው ጠይም ነው በሚል ክርክር ሰው ሲኳረፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነው፦ አያ ስንሻው የጎሽ ሜዳ ጊዮርጊስ ደዋይ ነበር፣ አገሩን ሁሉ ያስቅ ነበር፣ ራሱ ሲስቅ ግን ያየው የለም። ጥርስ እንደ ነበረው እንኳ የሚታወቀው ቆሎ ሲበላ ድምፁ ስለሚሰማ ነው።

እኔ ከአባቴ እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ። አባቴ ጨምሮበት ከሆነ እሱ ይጠየቅበት፤ እኔ በበኩሌ የቀነስኩት የለም።

ነገሩ የሚጀምረው አሮጌው የደብሩ አለቃ ሞተው፣ አለቃ ሀብተ ጽዮን ከሩቅ ገዳም ተሹመው ሲመጡ ነው። አለቃ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ጾማቸው ጾም፣ ጸሎታቸው ጸሎት ነበር። ብቻ ሳቅ ሲሰሙ ዕቃ የተሰበረ ያህል ይደነግጣሉ። በመጡ በመጀመሪያው እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ «ጌታችን አለቀሰ ተብሎ ተጽፏል። ሳቀ ተብሎ ግን የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቅጥር ውስጥ ሳቅ ክልክል ነው» አሉ።

አያ ስንሻው ከደወሉ ሥር እንደ ቆመ እጅ ነሣና፣

«እውነትዎን ነው አባቴ፣ አልተጻፈም። አስነጠሰ ተብሎም አልተጻፈም። እርስዎ ግን ቅድም ወንጌል ሲነበብ አስነጠሱ» አለ።

ያን ቀን የጎሽ ሜዳ ምእመን አፉን በነጠላው ይዞ ወደ ቅጥሩ በር ሮጠ። ከበሩ ውጭ ሲደርስ ለቀቀው። አለቃ የሳቁን ድምፅ ከውስጥ ሆነው ሰሙና፣ «ከበሩ ወዲያ ያለው የዓለም ነው፤ እኔን አያገባኝም» ብለው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሳቅ የመጣበት ሁሉ አፉን ይዞ ወደ በሩ መሮጥ የአገሩ ልማድ ሆነ። ወጣቱ ምንም አልከበደው። ጉልበት የሚያማቸው ሽማግሌዎች ግን በመንገድ ላይ ያመልጣቸው ስለ ነበር በሩ አጠገብ መቆም ጀመሩ።

ጥር ሲገባ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የአቶ ዋሴ ሆነ። አቶ ዋሴ ጎተራቸው ጎድሎ የማያውቅ ባለጸጋ ናቸው። የማይጎድለውም ስለማይከፈት ነው። በዚያ ቀን ጠላው ሲቀዳ የዋንጫው ሥር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ዳቦውም ሲቆረስ እጅ ላይ ከመድረሱ በፊት አለቀ። ማኅበርተኛው ተክዞ ተቀመጠ። አለቃ ሀብተ ጽዮን ግን ቤቱን ዘወር ዘወር ብለው አዩና ደስ አላቸው።

«እንዲህ ነው የክርስቲያን ቤት» አሉ። «በዚህ በቅዱሱ የሠርግ በዓል እንኳ አንድ ሰው ጥርሱን አልገለጠም። ምን አድርገህ ነው አቶ ዋሴ?»

አቶ ዋሴ በትሕትና አንገታቸውን ሰበሩ። አያ ስንሻው ዋንጫውን ወደ ብርሃን አነሣና ዐይቶ መልሶ አስቀመጠው።

«በዚህ ቀን ጌታችን ውሃውን ወይን አደረገው፤ አቶ ዋሴ ደግሞ ጠላውን ውሃ አድርጎታል። ሁለቱም ተአምር ነው አባቴ፤ የሚያስቀው ግን የፊተኛው ነው።»

የአቶ ዋሴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ስለ ነበር የሮጠ ሰው አልነበረም። አቶ ዋሴ ያንን ሳቅ አልረሱም።

ሁዳዴ ገባ፣ ሆሳዕና አለፈ፣ ስቅለት ደረሰ። ያን ቀን ትልቁም ትንሹም ሲሰግድ ይውላል። የአገሩ ገዥና ዳኛ ፊታውራሪ ደግፌም መጡ። ፊታውራሪ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ሲሰግዱ መውረዱ ቀላል፣ መነሣቱ ግን የሰው እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከቅጥሩ ዋርካ ጥላ ሥር ምንጣፍ አስነጠፉ፣ ተቀመጡ፣ አሽከራቸውን ከፊታቸው አቁመው «በል ስገድልኝ» አሉት። አሽከሩ በጌታው ፋንታ ሲወድቅ ሲነሣ ረፋዱ አለፈ። አያ ስንሻው በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየ።

«ምን ታያለህ?» አሉ ፊታውራሪ። «አሽከር ስለ ጌታው ቢሰግድ ነውር አለው?»

«ምንም የለውም ጌታዬ። ብቻ የገነትን በር ጠባቂ አስቀድመው ያስታውቁት፤ አሽከርዎን አስገብቶ እርስዎን ደጅ እንዳያስቀርዎ።»

ፊታውራሪ መጀመሪያ ስቀው በኋላ ከሚቈጡት ወገን ናቸው። አፋቸውን በኩታቸው ይዘው ወደ በሩ ሲሮጡ ምንጣፉ እግራቸውን ተከትሎ እስከ መንገዱ አጋማሽ ሄደ። ከበሩ ውጭ ሳቁ፤ ቀጥሎ እዚያው ተቈጡ። ሲመለሱ ግን አሽከሩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡትና እስከ ማታ ራሳቸው ሰገዱ። ያነሣቸው የነበረው አሽከሩ ነው።

ሲመሽ ንስሐ ተገባ፤ አለቃም ሕዝቡን በወይራ ቅጠል እየነኩ ለእያንዳንዱ የስግደት ቀኖና ሰጡ። የአያ ስንሻው ድርሻ የሁሉንም እጥፍ ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር ሰግዶ ጨረሰ። አለቃ ልባቸው ራራና ጠጋ ብለው፣ «በእውነት ተጸጽተሃል?» አሉት።

«እጅግ ተጸጽቻለሁ አባቴ። ፊታውራሪ ሲሮጡ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለ ነበር አላየኋቸውም።»

በማግስቱ ቀዳም ስዑር ነው። በዚያ ቀን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቃጭል እያቃጨሉ፣ ለምለም ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ምሥራቹንም ያበሥራሉ። ሰዉም ቄጤማውን ራሱ ላይ ያስራል። አለቃ አያ ስንሻውን ጠርተው፣ «ከቄሶቹ ቀድመህ አንተ ታበሥራለህ። ነገር ግን ፈገግታ እንዳላይ። ቀልድ እንዳልሰማ። ምሥራቹን ብቻ ተናግረህ እለፍ» ብለው አዘዙት።

አያ ስንሻው ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ ለበሰ። ቃጭሉን ዝግ አድርጎ እየመታ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በየደጁ እየቆመ የለቅሶ ድምፅ በሚመስል ዜማ «ደስ ይበላችሁ» እያለ አለፈ። ከመጀመሪያው ቤት አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች ወጣች። ከሁለተኛው ቤት ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉ። የመንደሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከኋላው የሚያለቅስ ሕዝብ ነበር፤ የሞተው ማን እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ዋሴ ራሳቸው የሞቱ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ሮጡ የሚል አለ፤ ይህን እንኳ አባቴ ሳይጨምርበት አልቀረም።

አለቃ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ። «ምን አልካቸው? ምን ብለህ ነው አገሩን ያስለቀስከው?»

«ያዘዙኝን ነው ያልኩት አባቴ። ምሥራቹን በአፌ ነገርኳቸው፤ እነሱ ግን ፊቴን አመኑ።»

አለቃ ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ከዚያ፣ «ነጠላህን አስተካክል» ብለው ተመለሱ። የትንሣኤ ለት ቅዳሴው ሲያልቅ ሁለት ሽማግሌዎች ቅጥሩ ውስጥ ሳቁ። አለቃ የሰሙ አይመስሉም ነበር። ሰው ሁሉ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎት ነበር።

በግንቦት ግን ቢተው ሞተ።

ቢተው የአያ ስንሻው የልብ ወዳጅ ነበር። ደግ፣ እንግዳ የማይጠግብ፣ የደከመ ገበሬ ነበር። ንዳድ ያዘው፣ ሳይቆይም ሄደ። ሚስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ አላለቀሱም። አልተናገሩም። እህልም አልቀመሱ። ሴቶቹ በሽሮም በእርጎም ለመኗቸው፤ እሳቸው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ሣልስቱ ደርሶ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ልጃቸው በር ላይ ቆማ፣ «እናቴንም ልቀብር ነው» እያለች ታለቅሳለች።

አያ ስንሻው ገባና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱም ወዳጁን ነው የቀበረው፤ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር።

«ደብሪቱ» አለ በመጨረሻ፣ «የኪዳነ ምሕረቱን ቅዳሴ ታስታውሻለሽ? ቢተው ሌሊቱን ሲያጠጣ አድሮ፣ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። ቄሱ ሊባርኩ እጃቸውን አንሥተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሏል። እኔ ደወሉን መታሁ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን ከግድግዳው አነሡ።

«እሱ ቤቱ ያለ መሰለው። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በዚያ ድምፁ፣ ‹ደብሪቱ! በር ላይ ሰው አለ። ግባ በይው እንጂ፤ እንጀራ አቅርቢለት!› ብሎ ጮኸ። አንቺ በሴቶቹ በኩል ሆነሽ ነጠላሽ ውስጥ ስትገቢ አይቻለሁ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«እኔ የሚያሳዝነኝ የገነት በር ጠባቂ ነው» አለ አያ ስንሻው። «ነፍስ በመጣ ቁጥር ቢተው ከውስጥ ሆኖ ‹ግባ በሉት፣ እንጀራ አቅርቡለት› እያለ ሊያደክመው ነው።»

ሳቁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ከሣልስቱ በፊት መምጣት የነበረበት ለቅሶ ሁሉ አንድ ጊዜ መጣ። ሴቶቹ አቅፈው ያዟቸው። እንባው ሲያባራ፣ «እስቲ ያን እርጎ» አሉ። ልጃቸው ዋንጫውን በሁለት እጇ አቀረበች። አባቴ ይህን ቦታ ሲያወራ ድምፁ ሁልጊዜ ይሰበር ነበር።

ክፋቱ፣ አለቃ ሀብተ ጽዮን ለፍትሐት መጥተው በሩን የረገጡት ልክ ሳቁ ሲፈነዳ ነው። ለቅሶውን አልጠበቁም። እርጎውንም አላዩም። ፊታቸው ቀልቶ ከደጅ ተመለሱ።

በሳምንቱ አያ ስንሻው በሙት ቀለደ ተብሎ ተከሰሰ። ከሳሹ አለቃ፣ ዳኛው ፊታውራሪ ደግፌ፣ ምስክሩ አቶ ዋሴ። አለቃ የጠየቁት ፍርድ ከባድ ነበር፦ ደወሉን ይነጠቅ፣ ከማኅበሩ ይውጣ፣ ቅጥሩን አይርገጥ፣ ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለት። አያ ስንሻው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ቤቱ ያ ደወል ነበር። ክስ ስላለበት ቅጥሩ ውስጥ መግባት አይችልምና ችሎቱ ከበሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር ተዘረጋ። አባቴ እንዳለው፣ ያን ቀን አያ ስንሻው ዓይኑን ከበሩ ወዲያ ካለው ደወል አልነቀለም።

«ስቀሃል ወይ?» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔ ስቄ አላውቅም ጌታዬ። ምስክር ይጠየቅ።»

አቶ ዋሴ ተጠየቁ። መሐላ ላይ ስለ ነበሩ፣ ሲስቅ እንዳላዩት ለመመስከር ተገደዱ። የሚያስቀው ግን ሰዉን ነው አሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከሴቶቹ መሀል ተነሡ። ጥቁር ለብሰዋል። «ጌታዬ» አሉ ለፊታውራሪ፣ «ሁሉም አልቅሺ አለኝ፤ አቃተኝ። ብዪ አለኝ፤ አቃተኝ። እሱ ባልተቤቴን ለአንድ አፍታ አምጥቶ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ነው ያለቀስኩት፤ ከዚያ ወዲያ ነው የበላሁት። በዚህ የሚቀጣ ከሆነ እኔም አብሬ ልቀጣ።»

ፊታውራሪ ጺማቸውን ያዙ። ልባቸው ወዴት እንዳዘነበለ ይታወቅ ነበር፤ ግን የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የአለቃ ነው። ወደ አለቃ ዞሩ። አለቃ ቆሙ።

«የሴቲቱ እንባ ያሳዝነኛል» አሉ። «ሕግ ግን ሕግ ነው። የእግዚአብሔር ስም በሚጠራበት፣ ሞት በገባበት ቤት፣ እሱ ራሱ በሚያይበት ፊት መሳቅ! አንድ ሰው ጥራልኝ ስንሻው። በእግዚአብሔር ፊት ስቆ ሳይቀጣ የቀረ አንድ ሰው ጥራልኝና ደወሉን ውሰድ።»

አያ ስንሻው እጅ ነሣ።

«ሣራ፣ አባቴ። በድንኳኑ ደጅ ሆና ሳቀች። እሱም ሰማት። የተፈረደባትንም ወልዳ አጠባችው።»

የሳቀ አልነበረም። ሁሉም አለቃን ያይ ነበር። አለቃ የኩታቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ እጃቸውን አወዛወዙ፦ ተዉት፣ ይግባ፣ ደወሉን ይደውል።

ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ለማየት ሞከሩ። «አለቃ! እየሳቁ ነው እንዴ?»

አያ ስንሻው ወደ ቅጥሩ በር መንገድ ጀምሮ ነበር። ዘወር አለ።

«አይንኳቸው ጌታዬ። ከበሩ ውጭ ናቸው።»