ስለ ልጆቹ መክሰስ የተጠራው ጉባኤ

በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ልጆቹ ረፋዱ ላይ ርቧቸው ሲነጫነጩ እያየች አላስችል ቢላት፣ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ዘርጋው ሄዳ «ስኳር ድንች ይገዛልኝና ቀቅዬ ላቅምሳቸው» ስትል ለመነች። እሳቸው ግን «ይህ ጥናት የሚፈልግ ጉዳይ ነው» አሉና፣ ስለ ርካሽና ጤናማ የልጆች መክሰስ የሚመክር የሦስት ቀን ጉባኤ ጠሩ።

በሁለተኛውም ቀን ተሰብሳቢው በየሻይ ዕረፍቱ ሙዙን፣ ፓፓያውንና ቅቅል እንቁላሉን ሲያወራርድ ዋለ። ይህን ያየችው ሴት አንጀቷ አርሮ፣ «ታዲያ ልጆቹ የሚበሉት መቼ ነው?» ብላ በሰው ፊት ጠየቀች።

አቶ ዘርጋው ፊታቸው ደም መሰለ። «በጀት የለም ተብሏል! አዋቂ ነኝ ካልሽ፣ ጤናማ የሆነ፣ ተጨማሪ ሳንቲም የማያስወጣና ለነገ የሚደርስ መክሰስ አሁኑኑ ንገሪን። አለዚያ የወጥ ቤቱን ቁልፍ አስረክቢ!»

ሴትዮዋም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና፣

«ይሄማ ምን ይቸግራል ጌታዬ፤ ነገ እኛ እንቅርና ልጆቹ ይሰብሰቡ» አለች።