የጥቁር ቢራው ወጥና ባለ ቀይ አበባው ሳህን

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ልስጣችሁ፤ ታግሣችሁ ከሰማችሁኝ ወጥም ሊደርሳችሁ ይችላል።

ከቢራ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር አቶ ሽታሁን የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካውን ቦይለር ሲጠብቁ ኖረዋል። ስለ ቦይለሩ ብዙ አያወሩም፤ ስለ አንድ ወጥ ግን አውርተው አይጠግቡም። ያኔ በቅበላ ቀን የቦይለር ክፍል ሠራተኞች የበሬ ሥጋ በጥቁር ቢራ ይሠሩ ነበር። ሥጋው ማንኪያ ሲነካው ይፈርስ ነበር አሉ። የድስቱ ኃላፊም፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ እሳቸው ነበሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን የሚያስታውሷቸው ሽንኩርት ሲልጡ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ፣ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ሐዋሳ ከሄዱ ሁለት ወር አለፋቸው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ይገባሉ። ዛሬ ደግሞ ቅበላ ነው፤ ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሥጋ እስከ ፋሲካ የለም።

«ሁለት ወር ሙሉ ለሰው ሳበስል ከረምኩ» ብለው ነበር ወይዘሮ ትርንጎ በስልክ። «የሰው እጅ አማረኝ። መንገድ ላይ ሆኜ ቅበላም እንዲሁ ሊያልፈኝ ነው።»

«አያልፍሽም! የቢራውን ወጥ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ።»

«አንተ? ወጥ?» አሉና ሳቁ። ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ ሳቁ።

«እሠራለሁ አልኩ፣ እሠራለሁ!» አሉ አቶ ሽታሁን ለተዘጋው ስልክ። ሳቁ ከንክኗቸዋል፤ የትርንጎ ድምፅ መድከሙ ግን ይበልጥ ከንክኗቸዋል። ደክሟት መጥታ ቀዝቃዛ ምድጃ እንዳታገኝ ፈለጉ። የፈለጉት ይኸው ብቻ ነበር።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሽንኩርቱን እያለቀሱ ከተፉ፣ በስሷ የአልሙኒየም ድስት አቁላሉ፣ ሁለት ኪሎ የበሬ ሥጋ ጨመሩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሥጋውን በሹካ ወጉት። ሹካው ተጣመመ።

«ምን ሆነሃል?» አሉት።

«አልለሰልስም» አለ ሥጋው። «አሥር ዓመት ሙሉ እርሻ ላይ የኖርኩ በሬ ነኝ። ጥቁር ቢራ ካላጠጣኸኝ ንቅንቅ የለም።»

ከቁም ሣጥን ሁለት ጠርሙስ ጥቁር ቢራ አወጡና ከፈቱ።

«አልወርድም» አለ ቢራው። «በዚህች ስስ ድስት ገብቼ አርሬ ልምረር? እኔን የሚችለኝ ብረት ድስት ነው።»

ብረት ድስት ያለው ጎረቤታቸው አስናቀች ቤት ነው። እየተቻኮሉ ሄዱ።

«አስናቁ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ትርንጎ ልትመጣ ነው፣ ወጡ አልደረሰም። ሥጋው ያለ ቢራ አልለሰልስም አለ። ቢራው ያለ ብረት ድስት አልወርድም አለ። እባክሽ ብረት ድስትሽን።»

አስናቀች እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ጋሼ ሽታሁን፣ ሥጋው ራሱ ነገረዎት?»

«ነገረኝ እንጂ።»

«ቢራውም?»

«እሱ እንኳን ትንሽ ተቆጣ።»

ሳቋን ዋጠችና ወደ ምድጃዋ ዞረች። ብረት ድስቱን ግን አላሳቀውም። «አልመጣም» አለ። «እስከ አፌ ዶሮ ወጥ ይዣለሁ። ሸክላው ድስት መጥቶ ካልተቀበለኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ሸክላው ድስቴ ደግሞ እማማ ድንቅነሽ ጋ ነው» አለች አስናቀች። «ሄደው ይቀበሉልኝ።»

አቶ ሽታሁን የእማማ ድንቅነሽን ስም ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን አከኩ። የሚያሳክክ ነገር ግን አልነበረም። ለምን እንዳከኩት ቆይተን እንደርስበታለን። አሁን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።

እማማ ድንቅነሽ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሚያመልጣቸው ነገር ግን የለም። በራፋቸው ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ እማማ! ትርንጎ ልትመጣ ነው፣ ወጡ አልደረሰም። ሥጋው ያለ ቢራ አልለሰልስም አለ። ቢራው ያለ ብረት ድስት አልወርድም አለ። ብረት ድስቱ ያለ ሸክላ ድስት አልመጣም አለ። እባክዎ የአስናቀችን ሸክላ ድስት።»

«ካየሁህ ሁለት ወር ሊሆን ነው» አሉ እማማ።

«አልመጣም» አለ ሸክላው ድስት ከውስጥ። «ለፋሲካ የተነጠረ ቅቤ ይዣለሁ። መጀመሪያ ቅቤው ይገልበጥ።»

«አልገለበጥም» አለ ቅቤው። «ባለ ቀይ አበባው ጎድጓዳ ሳህን ከሌለ መሬት ላይ ልፈስ ነው?»

«ሳህኑስ የት ነው?» አሉ አቶ ሽታሁን፣ ቀስ ብለው።

«ለገና ዶሮ ወጥ ይዞ ከቤቴ ወጣ። እንደወጣ ቀረ» አሉ እማማና ጣሪያቸውን ማየት ጀመሩ።

ወደ ማን ቤት ሊሉ ነበር፤ ተዉት። ባለ ቀይ አበባው ሳህን የት እንዳለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸው ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ዕለት እማማ ድንቅነሽ ብቻውን ነው ብለው ዶሮ ወጥ ላኩላቸው። በዚያ ሰፈር ደግሞ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ አንድ ጭልፋ ሽሮ ይዞ ይመለሳል። አቶ ሽታሁን ሽሮ ሞከሩ፣ አረረ። እንቁላል ሞከሩ፣ ድስቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ነገ እሞላዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሞላዋለሁ ሲሉ ሳምንት አለፈ። ከዚያ አፈሩ። ከዚያ በእማማ ደጅ ማለፍ ትተው በፋብሪካው አጥር ዙሪያ መዞር ጀመሩ።

ቤታቸው ተመልሰው ሳህኑን አወረዱት።

«ባዶዬን አልሄድም» አለ ሳህኑ። «ሰው ምን ይለኛል?»

አቶ ሽታሁን ሳህኑን ታቅፈው ቁጭ አሉ። ሳህኑ ያለ ወጥ አልሄድም አለ። ቅቤው ያለ ሳህን አልገለበጥም አለ። ሸክላው ድስት ቅቤው ካልተገለበጠ አልመጣም አለ። ብረት ድስቱ ያለ ሸክላ ድስት አልመጣም አለ። ቢራው ያለ ብረት ድስት አልወርድም አለ። ሥጋው ያለ ቢራ አልለሰልስም አለ። ሥጋው ካልለሰለሰ ደግሞ ወጥ የለም፣ ወጥ ከሌለ ሳህኑ አይሄድም። ዞረው ዞረው እዚያው። ሰዓቱን አዩ፤ ሰባት ተኩል ሆኗል። ትርንጎ አሁን ዝዋይን አልፋለች፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ።

ብድግ አሉ። ሳህኑን በጋቢያቸው ሥር ሊደብቁት አሰቡና ተዉት። በእጃቸው ላይ አድርገው፣ ባዶውን፣ በዋናው መንገድ፣ ቅበላውን ሲያበስል በዋለው ሰፈር ፊት ይዘውት ሄዱ። ሴቶቹ ከየደጃፋቸው አዩ። የአቶ ሽታሁን ጆሮ በርበሬ መሰለ።

«እማማ፣ ይኸው ሳህንዎ።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የምሞላበት አጣሁ። አፈርኩ።»

እማማ ድንቅነሽ ሳህኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እሺ፣ ሳህኑስ አፈረ እንበል። አንተ ምን ሆነህ ቀረህ? ትርንጎ ስትሄድ አደራ ብላኛለች። ለአንተ ብዬ ስንት ቀን በርበሬ ደልዤ ጠበቅሁ መሰለህ። ሳህን እንኳ ሞልቶኛል።»

የአቶ ሽታሁን ዓይን ረጠበ፤ በሽንኩርት እንዳያሳብቡ ሽንኩርቱ እቤት ነው።

«በል አሁን ተነሥ፣ ሚስትህ ልትደርስ ነው» አሉ እማማ። «ከወጡ ግን ታቀምሰኛለህ።»

እንግዲህ ያዙኝ፣ ከዚህ በኋላ ሩጫ ነው። ሳህኑ ባዶውን መጣ። ሳህኑ ሲመጣ ቅቤው ተገለበጠ። ቅቤው ሲገለበጥ ሸክላው ድስት ታጥቦ ወጣ። ሸክላው ድስት ሲደርስ ዶሮ ወጡ ገባበት። ዶሮ ወጡ ሲገባ ብረት ድስቱ ተለቀቀ። ብረት ድስቱ ሲጣድ ቢራው ወረደ፣ ጥቁር አረፋውን እያንተከተከ። ቢራው ሲወርድ ያ የአሥር ዓመት በሬ ተነፈሰና «እንዲህ በል እንጂ!» አለ። ለሰለሰ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ሽታሁን ወጡን ቀመሱት። አንድ ነገር የጎደለው መሰላቸው። ናፍቆት ነው ብለው ተዉት። የመጀመሪያውን ጭልፋ ከራሳቸው ቤት ባወጡት ሳህን አድርገው ለእማማ ድንቅነሽ አደረሱ፣ በዋናው መንገድ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ቤቱ በቢራና በሥጋ ሽታ ታውዷል። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆሙ።

«ይኼ የአስናቀች ድስት አይደለም እንዴ? ማን ሠራልህ?»

«እኔ ነኝ!» አሉና ታሪኩን ጀመሩ፤ ሥጋው እንዲህ አለ፣ ቢራው እንዲህ አለ፣ ድስቱ፣ ቅቤው፣ ሳህኑ። ወይዘሮ ትርንጎ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ ግን አቶ ሽታሁን አልተከፉም።

ከዚያ ጎረሱ። አላመጡ። አቶ ሽታሁን ጭልፋውን እንደያዙ ቆመው አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«ጨው ረስተሃል» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

አቶ ሽታሁን ጭልፋውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሳህናቸውን በእንጀራቸው ጥርግ አድርገው ጨረሱና ባዶውን ዘረጉላቸው።

«ድገመኝ።»

ተረቴን ውሰዱት፤ ስትመልሱልኝ ግን ባዶውን እንዳይሆን።